ጠባይ ድንበር ይሻገራል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዲላን፣ ቡሌ ሆራን፣ ያቤሎንና ሜጋን እያለፈ የወረደ የጭነት መኪና ሾፌር ሞያሌ ላይ የድንበሩን መስመር ሲሻገር ጎን ይቀይራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚነዳው በቀኝ ነው፣ ኬንያ ውስጥ በግራ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ቀኙን ይዞ የመጣ እጅ በጥቂት ሜትር ውስጥ ግራውን መያዝ አለበት። መሪው ግን አብሮ አይቀየርም። የኢትዮጵያ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ ሾፌሩ ኬንያ ሲገባ የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነው፤ ከፊቱ ያለውን ለመቅደም ቢፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን መኪና ቀድሞ የሚያየው እሱ ሳይሆን ረዳቱ ነው። ስለዚህ ያቤሎ ላይ ረዳቱን «አንተ ዝም በል» ይል የነበረ ሰው ወደ ማርሳቢት ሲወርድ «አለ? የለም? ልውጣ?» እያለ ይጠይቀዋል።

ይህ ሰው ችኩል ነው ወይስ ጥንቁቅ? ያቤሎ ላይ ያየው አንድ መልስ ይሰጣል፤ ኬንያ ውስጥ ቱርቢ ላይ ያየው ሌላ መልስ ይሰጣል። ሁለቱም አልዋሹም። የስብዕና ንድፈ ሐሳቦች የሚባሉት፣ በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተማሪ የሚያጠናቸው፣ በስልክ ላይም «አንተ የትኛው ዓይነት ነህ?» በሚል መጠይቅ ተቆራርጠው የሚደርሱን ሐሳቦች፣ ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ሰው በሄደበት ሁሉ ይዞት የሚዞር ቋሚ ጠባይ አለው? ወይስ ጠባይ የምንለው ቦታው የሚያወጣው ነገር ነው? ሞያሌ ይህን ለመመርመር ከብዙ ላቦራቶሪ ትሻላለች። እዚያ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት አገር፣ ሁለት ገንዘብ፣ ሦስትና አራት ቋንቋ ውስጥ ይውላልና። ከተማዋ የምታሳየውና ጥሩ ጥሩዎቹ ጥናቶችም የሚስማሙበት ነገር አንድ ነው፤ ሰውን በአንድ ቃል ከመፈረጅ ይልቅ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን ሲገጥመው እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ይበልጣል።

የማህተሙ ቃል

የሞያሌ የጋራ የድንበር ጣቢያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገር መሪዎች ተመርቋል። ወደ ኬንያ የሚገባ መንገደኛ በኬንያው ግቢ ውስጥ፣ በአንድ አዳራሽ፣ የመውጫውንም የመግቢያውንም ማህተም ያስመታል። ከዚያ አዳራሽ ውጭ ስለ ሰው አመል ሲወራ የሚሰማ ጆሮ አንድ የሚገርም ነገር ያገኛል። አማርኛ ተናጋሪው «ጠባዩ» ይላል። ስዋሂሊ ተናጋሪው «ታቢያ» ይላል። ሶማሊኛ ተናጋሪው «ደቤዓድ» ይላል። ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁሉም ከዓረብኛው «ጠቢዓ» ጋር ይገናኛሉ፣ የዚያ ሥር ደግሞ ማተም፣ ማህተም መምታት ማለት ነው። በኦሮምኛ የሚያወራው ቦረና «አማላ» ሲል ደግሞ የእኛን «አመል» እየተናገረ ነው።

ይህ ዝምድና ቃላት የሚያጠኑ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቃሉ ውስጥ አንድ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ተቀምጧል፤ ሰው አንዴ ይታተማል፣ ማህተሙም አይለቅም። የግሪኩ «ካራክተር» እንኳ የተቀረጸ ምልክት ማለት ነው። ላቲኖቹ ግን «ፐርሶና» ያሉት በትያትር የሚጠለቀውን ጭንብል ነበር፣ የሚለበስና የሚወልቅ። እኛ በመጻሕፍት «ስብዕና» የምንለው ከሁለቱም ይለያል። ከግዕዙ «ሰብእ» የወጣ ነው፣ ሰው መሆን ማለት። ማህተም፣ ጭንብል፣ ሰው መሆን። አብዛኛው የመስኩ ክርክር በእነዚህ ሦስት ቃላት መካከል የሚካሄድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰውን በአራት መክፈል

ማህተሙን ከሁሉ አስቀድመው ያነበቡት በአራት የከፈሉት ናቸው። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች የሰውን ጠባይ በሰውነቱ ውስጥ ባሉ አራት ፈሳሾች ሚዛን አስረዱ። የእኛ ሊቃውንትም የሥጋን ባሕርያት አራት ይላሉ፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት። ሆኖም ሦስቱን የነፍስ ባሕርያት ጨምረው ሰውን ሰባት ያደርጉታልና ሰውን በሥጋው ብቻ አልጨረሱትም። በስምና በእናት ስም ኮከብ የሚያስቆጥር ሰው ዐውደ ነገሥትን የሚያስገልጠው በዚሁ ፍላጎት ነው። ራሱን ከተዘጋጀ ዓይነት ውስጥ አግኝቶ ማረፍ ይፈልጋል።

ዘመናዊው ሥነ ልቦናም ከዚህ ፍላጎት አላመለጠም። የስዊስ ሐኪሙ ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች ኃይላቸውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚመሩ ጽፎ፣ ዛሬ ወጣቱ በየመልእክቱ የሚጠቀምበትን «ኢንትሮቨርት» የሚለውን ቃል አስለመደ። ሁለት አሜሪካውያት፣ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ፣ የዩንግን ሐሳብ ወደ አሥራ ስድስት ዓይነት አብዝተው መጠይቅ ሠሩለት። መጠይቁ በየመሥሪያ ቤቱ ተዳረሰ። ግን ያንኑ ሰው ከሳምንታት በኋላ ደግመው ሲጠይቁት ሌላ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ሰው ያለው መሐል ላይ ነው፣ መጠይቁ ግን መሐሉን ቆርጦ ወይ እዚህ ወይ እዚያ ይለዋል። ሞያሌ ላይ የተሰመረው መስመርም በመሐል ሲያልፍ የአንዱን ጎሳ ግማሽ ወዲህ፣ ግማሽ ወዲያ አድርጎታል።

«ግን እኮ የተጻፈው ልክ እኔን ነው» የሚል ብዙ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባለ መምህር ለተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጥቶ፣ ለእያንዳንዳቸው «የአንተ ውጤት» ያለውን ጽሑፍ አደለ። ተማሪዎቹ ትክክለኛነቱን ከአምስት ከአራት በላይ ሰጡት። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፣ ፎረር ከመንገድ ዳር ከሚሸጥ የኮከብ መጽሐፍ የለቃቀመው። ልክ ሆኖ መሰማት የልክነት ማስረጃ አይደለም።

«ልክ ሆኖ መሰማት የልክነት ማስረጃ አይደለም»

አሥራ ስምንት ሺህ ቃል

ከዓይነት ክፍፍል ይልቅ ጠንካራው መንገድ የተጀመረው ከመዝገበ ቃላት ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ጎርደን ኦልፖርትና ባልደረባው ኦድበርት ሰውን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላትን አንድ በአንድ ለቅመው ወደ 18,000 አደረሷቸው። ሐሳባቸው ቀላልና ብልህ ነበር፤ ለኑሮ የሚያስፈልግ የሰው ልዩነት ሁሉ ውሎ አድሮ ቃል ይወጣለታል። ተከታዮቻቸው አብረው የሚሄዱትን ቃላት በስሌት እየሰበሰቡ በመጨረሻ አምስት መለኪያ ላይ ደረሱ። ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥራን በሥርዓት መያዝ፣ ተግባቢነት፣ ለሌላው ማዘንና መስማማት፣ ቶሎ መጨነቅ ናቸው። ዛሬ በመስኩ የሚበዛው ምርምር የሚካሄደው በእነዚህ አምስት ነው። ፍሮይድ በ1923 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሦስት ክፍሎች ብሎ ካቀረባቸው ከኢድ፣ ከኢጎና ከሱፐርኢጎ ይልቅ እነዚህ ይለካሉ፤ ጠባይ ሽልማትና ቅጣት ያስለመዱት ነው ከሚለው ከስኪነር ሐሳብም ይልቅ ሰዎች ለምን በአንድ ቦታ እንደሚለያዩ ያሳያሉ።

ግን የማን መዝገበ ቃላት? በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ 56 አገሮችን ያዳረሰ ጥናት አምስቱን መለኪያዎች በብዙ ቦታ ሲያገኝ፣ በአፍሪካ አገሮች ግን የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ የመግጠማቸው ነገር ላላ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች ከእንግሊዝኛ መጠይቅ መተርጎሙን ትተው፣ የኬንያና የታንዛኒያ ማሳዮች ራሳቸው ሰውን በሚገልጹባቸው በማአ ቋንቋ ቃላት ጀመሩ። አምስቱ እንዳሉ አልወጡም። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ሰውየው ለወገኑ ጨዋ፣ ለጋስና አክባሪ መሆን አለመሆኑ ነበር። አርብቶ አደር በድርቅ ዓመት የጎረቤቱን ተግባቢነት ሊለካ አይወጣም፤ ማወቅ የሚፈልገው ውሃ ይሰጠው እንደሆነ ነው።

ከብት ተራ

በሞያሌ የከብት ገበያ ደላላውን ማየት ነው። ቃሉ ራሱ በስዋሂሊ ዳላሊ፣ በሶማሊኛ ዲላል እየተባለ በሁሉም አፍ ላይ አለ። ከቦረናው ባለ ከብት ጋር ሲገናኝ አይቸኩልም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ልጆቹ ሰላም ሳይጠይቅ ዋጋ ቢያነሳ ነውር ነው። ከናይሮቢ ለመጣው ገዢ ግን በስዋሂሊ ዋጋውን ቀድሞ ይጠራል። ለጋሬው የግመል ባለቤት በሶማሊኛ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ከመሐል አገር ለመጣው ነጋዴ ደግሞ «እርስዎ» እያለ ዝቅ ይላል። ከሩቅ የሚያየው «እስስት ነው» ይለዋል። በአማርኛ ከዚህ የከፋ የጠባይ ፍርድ ጥቂት ነው።

ፍርዱ ግን ችኩል ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች ያንኑ የአምስቱን መለኪያዎች መጠይቅ በእንግሊዝኛ ሲሞሉ ይበልጥ ተግባቢ ሆነው እንደሚወጡ አሳይቷል። ቋንቋ ሲቀየር ከቋንቋው ጋር የተማሩት ወግም ይመጣል። «እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» የሚለው ብሂላችን ይህን እንደ ክህደት አላየውም።

ከዚያ ገበያ ጋር የኖሩ ነጋዴዎች ስለ ደላላ ሲያወሩ «ታማኝ ነው» ወይም «ሌባ ነው» ብለው አይቆሙም። ንግግራቸው ይከፈላል። ብር ብትሰጠው አይነካም፣ የበሬ ዕድሜ ግን አትጠይቀው። ለዘመድ ይቆማል፣ ለእንግዳ ግን ሲመሽ ዋጋ ይጨምራል። በዱቤና በቃል የሚሠራ ንግድ ይህን ያህል ዝርዝር ይፈልጋል፤ «ታማኝ» የሚል አንድ ቃል ገንዘብ ያስበላል።

ይኸው የነጋዴዎች ዕውቀት በ1968 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦናን መስክ አናወጠ። ዋልተር ሚሸል ቪየና ተወልዶ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ሲገቡ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደ ሰው ነበር። ሚሸል በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የስብዕና መጠይቅ ውጤት ሰው በአንድ የተወሰነ ቦታ የሚያደርገውን የሚተነብየው በጥቂቱ ብቻ መሆኑን አሳየ። ከእሱ በፊትም በ1928 እ.ኤ.አ. ሃርትሾርንና ሜይ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ፈትነው፣ ፈተና የሚሰርቅ ልጅ ገንዘብ ይሰርቃል ማለት እንዳልሆነ አግኝተው ነበር።

ሚሸል ግን «ጠባይ የለም» ብሎ አልቀረም። ከዩዊቺ ሾዳና ከባልደረቦቹ ጋር በአንድ የሕፃናት የክረምት ካምፕ ልጆችን ቀን በቀን ተከታተለ። ሁለት ልጆች በድምሩ እኩል ይማታሉ እንበል። አንዱ የሚማታው እኩዮቹ ሲያሾፉበት ነው፤ ትልቅ ሰው ሲቆጣው ግን ይታዘዛል። ሌላው እኩያው ሲነካው ይስቃል፣ ትልቅ ሰው ሲገሥጸው ግን ይነሳል። በአማካይ አንድ ናቸው፣ ለሚያሳድጋቸው ግን ፍጹም የተለያዩ። ይህ «እንዲህ ሲሆን እንዲያ ይሆናል» የሚለው ቅርጽ ከሳምንት ሳምንት ጸንቶ ተገኘ። ቋሚው ነገር እዚያ ነበር። የደላላው ቋሚ ነገርም እዚያ ነው። ለማን ድምፁን እንደሚያነሳና ለማን እንደሚያወርድ ዘንድሮም አምናም አንድ ነው።

«ቋሚው ነገር በለውጡ ቅርጽ ውስጥ ነበር»

«እኔ ማን ነኝ?»

አንድ ተቃውሞ ከዚህ ይነሳል። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጭንቀት ነው፣ እኛ በማኅበር የምንኖር ሰዎች «እኔ» የሚል ስብዕና መች አለን የሚል፣ በተማሩ ሰዎች ዘንድ የሚወደድ ተቃውሞ ነው። ማስረጃ የሌለው አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ሃያ መልስ እንዲሰጡ አሜሪካውያን ተማሪዎችን፣ የናይሮቢ ተማሪዎችን፣ የናይሮቢ ሠራተኞችን፣ ማሳዮችንና፣ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ አገራቸው የሚታለፈውን ሳምቡሩዎችን ጠየቀ። ማሳዮችና ሳምቡሩዎች በአብዛኛው የመለሱት በቤተሰብ፣ በዕድሜ ወገንና በድርሻቸው ነው። ግን የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መልስ ከሳምቡሩዎቹ ይልቅ ለአሜሪካውያኑ የቀረበ ነበር፤ ሠራተኞቹ መሐል ላይ ወደቁ። ልዩነቱ የአፍሪካዊነት ቢሆን ኖሮ ኬንያውያኑ አንድ ላይ በቆሙ። የለየው ትምህርት ቤቱ፣ ከተማውና የኑሮው ዓይነት ነው።

በማኅበር መኖር ሰውን አንድ ዓይነት እንደማያደርግ ደግሞ ገዳ ያሳያል። በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ይህ ሥርዓት መስመሩ የከፈላቸውን የሁለቱንም አገር ቦረናዎች ይመለከታል። ሰውን በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን ያሻግራል፣ በየእርከኑም የሚጠበቅበት ጠባይ ይለያል። ደበሌ የሚባለው ትንሽ ልጅ የተከበረ ነው፣ አይገረፍም። የመጨረሻውን እርከን የደረሰ ሽማግሌ ከጠብና ከደም መራቅ አለበት። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ኤሪክ ኤሪክሰን በ1950 እ.ኤ.አ. የሰውን ዕድገት በስምንት ደረጃ ሲከፍል ደረጃዎቹ በሰውየው ውስጥ የሚበስሉ ናቸው፤ በገዳ ግን በሩን የሚከፍተው ሕዝቡ ነው። ያም ሆኖ ቦረና መሪውን በእርከኑ ብቻ አያምነውም። አባ ገዳ ሥልጣን ከመያዙ ከዓመታት በፊት ተመርጦ ይታያል፣ ካጠፋም ሊሻር ይችላል። በአንድ እርከን ካሉት መሐል ማን ለየትኛው ነገር እንደሚበቃ ለማወቅ ዓመታት ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ መጠይቅ ይህን ሊሸፍን አይችልም።

የመለኪያው ጠበቆች

ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከአምስቱ መለኪያዎች ጠበቆች ነው። የሚሸልን ትችት መልሰውለታል። አንድ ድርጊት አይተነበይም፤ የብዙ ቀን ድርጊት ሲደመር ግን ይተነበያል ይላሉ። እውነት ነው። በሥራው ሥርዓት የሚይዝ ሰው በአብዛኛው የሥራ ዓይነት የተሻለ እንደሚሠራ በተደጋጋሚ ታይቷል። የመንትያ ጥናቶች ደግሞ ከሰዎች የጠባይ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከውርስ ጋር እንደሚያያዝ ያሳያሉ። ማህተሙ ባዶ ተረት አይደለም። የጭነት መኪናው ሾፌርም መስመሩን ሲሻገር ደሙን አልቀየረም፤ አሥር ሾፌሮች ለአንድ ዓመት ቢታዩ እሱ ከችኩሎቹ ወገን ሊገኝ ይችላል።

ነገር ግን አማካይ የሚጠቅመው ብዙ ሰው ለሚቀጥር፣ ሰውየውንም ለማያውቅ ነው። ከዚያ ሾፌር ጎን ለተቀመጠው ረዳት አይበቃም። ረዳቱ ማወቅ ያለበት ሾፌሩ መቼ እንደሚጠይቀው፣ መቼ እንደማይጠይቀው ነው፤ ሕይወቱ ያለችው እዚያ ላይ ነውና።

«ሰው እንደ ሁኔታው ከሆነ ታዲያ ማን ይጠየቃል?» የሚሉ አስተማሪዎችና የሃይማኖት ሰዎች አሉ፣ ስጋታቸውም ከባድ ነው። መልሱ ግን ከተቃራኒው በኩል ይመጣል። «ግልፍተኛ ነኝ» የሚል ሰው ራሱን ፈርጆ ተቀምጧል፣ ሌላ የሚያደርገው የለም። «ታናሼ በሰው ፊት ሲመልስልኝ ነው የምገነፍለው» የሚል ግን ያችን ሰዓት ያውቃታል። ሲያውቃት ሊዘጋጅላት ይችላል፤ ሳይዘጋጅ ቢቀር የሚጠየቀውም ስለሚያውቃት ነው።

ጎሳን በጠባይ መፈረጅ

ይህ ክርክር ሞያሌ ላይ የመጽሐፍ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ቦረና፣ ገብራ፣ ቡርጂ፣ ጋሬ፣ ሳኩዬ በአንድ ገበያ ይውላሉ፣ ስለ እያንዳንዱም «እነሱ እንዲህ ናቸው» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለ። ስስታም፣ ተንኮለኛ፣ ቁጡ፣ ሰነፍ። በ2012 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያው ወገን፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በኬንያው ወገን ግጭት ሲነሳ ሺዎች በየተራ መስመሩን እየተሻገሩ ተጠለሉ። የግጭቱ ምክንያት ሥልጣን፣ መሬትና ውሃ ነበር። ግን ሰው ጎረቤቱን ለመፍራት ሲዘጋጅ የጠባይ ቃል አስቀድሞ ይገኛል።

ሚሸል በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ትሪኒዳድ ላይ የገጠመው ይኸው ነበር። የአፍሪካና የሕንድ ዝርያ ያላቸው ነዋሪዎች አንዱ ሌላውን ይፈርጃል፤ እነዚያ ያገኙትን ዛሬ ይበላሉ፣ እነዚህ ደግሞ ሳይኖሩ ያጠራቅማሉ ይባባላሉ። ለልጆች ትንሽ ጣፋጭ ዛሬ ወይስ ትልቅ ከሳምንት በኋላ ብሎ አስመረጣቸው። በሁለቱ ወገን ልጆች መሐል ልዩነት አገኘ። ልዩነቱ ግን በብዛት የተያያዘው አባት በቤት ከመኖሩና ካለመኖሩ ጋር ነበር። ትልቅ ሰው ቃሉን ሲጠብቅ ያላየ ልጅ የሳምንቱን ጣፋጭ ለምን ያምናል?

ቦረናና ገብራ ከብዙ ደም በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ማይኮናና ዋልዳ ላይ ተቀምጠው የሰላም ስምምነት ሲያደርጉ ሽማግሌዎቹ የየትኛው ወገን ጠባይ መጥፎ እንደሆነ ሊበይኑ አልተቀመጡም። ለገደለ ምን፣ ላቆሰለ ምን፣ ከብት ለነዳ ምን ካሳ እንደሚከፈል ወሰኑ። ስምምነቱ በ2013 እ.ኤ.አ. የተነሳውን ግጭት አላስቀረም። ከዚያም በኋላ ግን እንደገና ለዕርቅ የሚቀመጥ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከብቱ የተነዳው ከየትኛው የውሃ ጉድጓድ እንደሆነ፣ ማን እንደነበረና ስንት ሰዓት እንደነበረ ነው።